ፊት ወንበር

የከባድ መኪና ፍሬን ከጀርባችሁ «ጢስስ» ሲል ሳታስቡት ዞራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ዛሬም እዞራለሁ። አዳማ ውስጥ የማስተምርበት ክፍል ከዋናው መንገድ ብዙም አይርቅም። ነፋሱ አቧራና የናፍጣ ሽታ ይዞ በመስኮቱ ሲገባ፣ ጠመኔዬን እንደያዝኩ ስድስተኛ ክፍል አብራኝ ትቀመጥ የነበረችው ልጅ ትዝ ትለኛለች።

እናቷ ከሞተች በኋላ ከባቱ አካባቢ መጥታ አክስቷ ዘንድ ትኖር ነበር። የምንቀመጠው መጨረሻው ዴስክ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፈን ነው። መኪና ሲያልፍ፣ ወንበር ሲጎተት ቀና ብላ በሩን ታያለች፤ ከዚያ ወደ ደብተሯ ትመለሳለች። ልጆቹ ራዳር የሚል ስም አወጡላት።

«ራዳር፣ ዛሬስ ምን ያዝሽ?»

«አንተን፣ ሳትታጠብ ስትመጣ» ትላለች፤ አብረን እንስቃለን።

የሳይንስ አስተማሪያችን ደግ ሰው ነበር። አንድ ሰሞን ስለ ተማሪዎች ትኩረት ስልጠና ወስዶ መጣና አክስቷን አስጠራ። እኛ በሩ አጠገብ ቆመን እንሰማ ነበር።

«አካም ጅርቱ፣ ባርሲሳ» ብለው አክስቷ አስተማሪውን በኦሮምኛ ሰላም አሉት፣ ሻሻቸውን እያስተካከሉ።

«ደህና ነኝ፣ እትዬ። ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። የትኩረት ችግር ነው ያለባት። ፊት ትቀመጥ፤ ከመስኮትና ከጓደኛ ትራቅ።»

«ቤትም እንዲሁ ናት። ዕቃ ሲወድቅ ብድግ ትላለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ...»

«አይዞዎት፣ ይስተካከላል።»

ምክሩ ለሌላ ልጅ ቢሆን ጥሩ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ነፍስ ካወቀ ጀምሮ ሐሳቡ አንድ ቦታ አይረጋም። ደስ ብሎት፣ ሰላም ሆኖ፣ የሚወደውን ኳስ እየተጫወተ እንኳ ሌላ ነገር ይጀምርና ጫማውን ሜዳ ላይ ረስቶ ይመጣል። እሱን ፊት ማስቀመጥ ጠቅሞታል። የጓደኛዬ ሐሳብ ግን አልተበተነም። አንድ ነገር ላይ ተተክሎ ቀርቶ ነበር፤ ከኋላዋ ሊመጣ በሚችለው ላይ።

ፊት ወንበር ላይ መጻፍ አቆመች። በሩ ከጀርባዋ ሆነ፤ ትከሻዋ ጆሮዋ ድረስ ወጣ። አስተማሪው ለስለስ ብሎ «ወደዚህ ተመልከቺ፣ የኔ ልጅ» ሲላት ትመለከተዋለች። ውጭ ፍሬን ሲሰማ ግን ትዞራለች። እሱም ተመልሶ ይጠራታል።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ቧንቧው ጋ ተራ ስንጠብቅ፣ ሳልጠይቃት ነገረችኝ።

«እማዬና እኔ ጀርባችንን ለመንገዱ ሰጥተን ቲማቲም እየደረደርን ነበር። መኪናው ሲመጣ ድምፁን ሰምቻለሁ። አልዞርኩም።»

ተራዋ ደረሰ። ውኃዋን ጠጥታ አፏን በእጅጌዋ ጠረገች።

በማግስቱ አስተማሪው ጋ ሄድኩ። «ቲቸር፣ ኋላ ብትመለስ እኮ ትጽፋለች» አልኩት።

«ጓደኛሽ ናፍቃሽ ነው» ብሎ ፈገግ አለ።

ቲማቲሙን፣ መኪናውን፣ በሩን እንዴት አድርጌ እንደማገናኝለት አላወቅኩም። ደወል ተደወለና ወደ ቦታዬ ተመለስኩ።

በዓመቱ መጨረሻ ወደቀች። አክስቷ «ትምህርቱ አልሆነላትም» ብለው አያቷ ዘንድ፣ አዳሚ ቱሉ ሰደዷት። ወደ መናኸሪያ የሚወስዳት ባጃጅ ሲነሳ ቦርሳዋን አቅፋ ወደ ኋላ ዞራ ነበር። ጥጉን እስኪታጠፍ ድረስ ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም። ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

ዛሬ አስተማሪ ሆኜም የተበተነ ሐሳብንና በፍርሃት የተተከለ ሐሳብን በአንድ እይታ መለየት አልችልም። አንዳንዴም አንድ ልጅ ላይ ሁለቱም አብረው ይኖራሉ። መቼ እንደጀመረው፣ ምን ሲሆን እንደሚብስበት ወላጁን እጠይቃለሁ፤ መልስ የማገኘው ግን ሁልጊዜ አይደለም። እናንተም እስቲ ሞክሩት። አልሰማ ያላችሁን ልጅ ቦታ ከመቀየራችሁ በፊት፣ ክፍሉ ባዶ ሲሆን ልታስቀምጡት ያሰባችሁበት ወንበር ላይ ቁጭ በሉ። ሳትዞሩ፣ ከኋላችሁ የሚሰማውን ጥቂት አዳምጡ።