ኮሚቴው ቤታችንን ሊያይ የመጣ ዕለት

በዚያ ክረምት ቡታጅራ ጭጋግ ለብሳ ነው የከረመችው። ባለቤቴ ግንበኛ ነበር፤ ከፎቅ መወጣጫ ላይ ወድቆ ወገቡን ከተጎዳና አልጋ ከያዘ ሦስተኛ ወሩ ነው። እኔ ገበያው ዳር፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋለሁ። ዝናቡ ሲጠና የሚያሰፋ ሰው ጠፋ። ቁርስ መተው ከጀመርኩ ወዲህ ደግሞ የማየው ሁሉ ከውሃ በታች ያለ ይመስለኝ ጀመር። ባጃጆቹ ድምፅ የሌላቸው ይመስል በጭጋጉ ውስጥ ተንሳፍፈው ያልፋሉ። ሰው ሲያናግረኝ ከንፈሩ ይቀድምና ቃሉ ዘግይቶ ይደርሰኛል።

ቀበሌው ለተቸገሩ ቤተሰቦች አስቸኳይ ድጋፍ እንደሚሰጥ የነገሩኝ ግድግዳ የምንጋራቸው እማማ ናቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ለብቻቸው የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። እኔ ግን በሰው ፊት ቆሜ ቸግሮኛል ማለት ከበደኝ። እሳቸውም አልተከራከሩኝም። በማግስቱ ጠዋት ሻሻቸውን አስረው በሬ ላይ ቆሙ።

«ነይ ልጄ፣ መናገሩን ተይው፤ እኔ እናገርልሻለሁ» አሉኝ።

እንዳሉትም አደረጉ። ቀበሌው ቢሮ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ የጣሪያውን ጠብታ ስሰማ፣ እሳቸው አንድ በአንድ አስረዱልኝ። ጸሐፊዋ ማመልከቻውን ጽፋ አስፈረመችኝና፣ ሐሙስ ኮሚቴ ቤታችሁን ሊያይ ይመጣል አለችን።

እንግዳ ሊመጣብኝ ነው ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ሳጸዳ ዋልኩ። ወለሉን አጠብኩ፣ ብርጭቆዎቹን እስኪያበሩ ወለወልኩ። አንዲት ደንበኛ አሰፍታኝ ሳትወስደው የቀረውን ቢጫ መጋረጃም መስኮቱ ላይ ሰቀልኩት። ሐሙስ ጠዋት ፀሐይ ለአፍታ ብልጭ ስትል ክፍሉ በሙሉ ማር ፈሰሰበት። ባለቤቴ ከአልጋው ሆኖ ፈገግ አለ። ቤታችን እንደዚያ አምሮ አያውቅም።

ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት መጡ። መጋረጃውን አዩ፣ ብርጭቆዎቹን አዩ፣ እርስ በርስም ተያዩ። ትልቁ ሰውዬ መዝገቡን ሳይከፍት ረጋ ብሎ፣ «እህቴ፣ ከእናንተ የባሱ አሉ እኮ» አለኝ።

«እውነት ነው፣ አሉ» አልኩት። ተቀመጡ እያልኩ ወንበር ስጠርግ፣ ባለቤቴ በክንዱ ተደግፎ ቀና አለ። ከወደቀ ጀምሮ ለማንም ምሬት አሰምቶ አያውቅም።

«ቤቱን ያሳመረችው ለእናንተ ክብር ብላ ነው» አለ። «እሷ አታሳያችሁም። ጓዳውን ራሳችሁ እዩት።»

ሴትዮዋ ብቻዋን ወደ ጓዳ ገባች። የዱቄቱን በርሜል ክዳን ስታነሳ በጓዳው በር መጋረጃ ቀዳዳ አየኋት። ለጥቂት ጊዜ ወደ ውስጥ ተመለከተች፤ ከዚያ እታች ሕፃን የተኛ ይመስል ክዳኑን ቀስ አድርጋ መለሰችው። ወጥታ መዝገቡን ከሰውዬው እጅ ወስዳ ቆማ ጻፈች። እኔ እንባዬ እንዳይታይ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስማችን ቀበሌው በር ላይ ተለጠፈ። ስንዴ፣ ዘይትና ለተወሰነ ጊዜ የቤት ኪራያችንን የሚሸፍን ድጋፍ አገኘን። ስንዴውን በባጃጅ ወፍጮ ቤት አደረስኩ። ከወፍጮው አፍ የሚወርደው ዱቄት ሙቅ ነበር፤ እጄን ከትቼበት ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ አላውቅም። ወፍጮ ፈጪውም ታዝቦኝ ይሁን አዝኖልኝ፣ አላስቸኮለኝም። ያን ቀን ገንፎ አገነፋሁ፤ ለእማማም ወሰድኩላቸው።

ባለቤቴ መስከረም ላይ በምርኩዝ ቆመ። ግንበኝነቱ ቀርቶበት ዛሬ የአንድ ግንባታ ዕቃ ቤት ጠባቂ ነው። ያቺን የኮሚቴ ሴት አንዳንዴ ገበያ ውስጥ አገኛታለሁ። ሰላም እንባባላለን፣ ስለ ዝናቡና ስለ ልጆቿ ታወራኛለች። ስለ ጓዳው አንስተን አናውቅም። ከተለያየን በኋላ ግን ዘወር ብዬ፣ በሰው መሐል እስክትጠፋ ድረስ አያታለሁ።