መንጋጋና ጥርሱ ብቻ የተገኘለት አዞ

ልጅ ሳለሁ፣ ሐርጌሳ ከተማ፣ ኮድቡር ሰፈር በተከራየናት አንድ ክፍል ቤት፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ተረት የሚነግረኝ አጎቴ ሰኢድ ነበር። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ትምህርት ቤት ሳይንስ ስለሚያስተምር እንደ ሌላው ሰው የጅብና የቀበሮ ተረት አይወድም። «ጅብ ሲያወራ ማን ሰማ?» ይልና ዘራቸው ስለጠፋ አውሬዎች ይጀምርልኛል።

ያኔ ታላቅ ወንድሜ ጀማል አውሮፓ እገባለሁ ብሎ በታህሪብ፣ በድብቁ የስደት መንገድ ከወጣ፣ የተሳፈረባት ጀልባም ሰጠመች ከተባለ ወራት አልፈው ነበር። አስከሬን የለም፤ አየሁ የሚል ሰው የለም። ጎረቤቱ ሁሉ «ጀናዛው ባይኖርም ይሰገድበት» ቢላት እናቴ አሻፈረኝ አለች። በር ኳ ባለ ቁጥር ብድግ ትላለች፤ ሲመጣ ያጣናል ብላ ቤት እንኳ አታስቀይረንም። እኔም ይመጣል ብዬ አብሬያት እጠብቅ ነበር።

አንድ ምሽት፣ የምድጃው ከሰል አመድ ለብሶ፣ የፋኖሱ ጭስ ጉሮሮዬን እየከረከረኝ፣ አጎቴ ስለ አንድ የአሊጌተር ዘመድ ያወራኝ ጀመር፤ አሊጌተር ማለት ያ አፈ ሰፊው የባሕር ማዶ አዞ ነው። የዚህኛው ዘር ድሮ ጠፍቷል፤ የተገኘለትም የመንጋጋ ስባሪና ጥቂት ጥርስ ብቻ ነው። «በዚያችው ምን እንደሚያክል፣ ምን ይበላ እንደነበር፣ ዘመዱ ማን እንደሆነ ሊቃውንቱ ለዩ» አለ። ዓይኑ ግን እኔ ላይ ሳይሆን እናቴ ላይ ነበር። ተረቱ ለማን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

«እትዬ፣ ሁሉን በዓይኔ ካላየሁ አይባልም። በአላህ ይሁንብሽ፣ እርምሽን አውጪ።»

እናቴ የምታጥበውን ብርጭቆ አስቀመጠች። «ጎሽ! ለአዞ እንኳ ስባሪ ተገኘለት! ለኔ ልጅ ምን አገኛችሁለት? አንዲት ጥርሱን አምጣልኝና ዛሬውኑ አለቅሳለሁ። ካላመጣህ አፍህን ያዝ!»

እኔ ለቅሶዬን ለቀቅኩት። እስከዚያች ሰዓት እናቴ መምጣቱን ከልቧ ታምናለች ብዬ ነበር፤ ድምፅዋን ስሰማ ግን እሷም እንደማታምን አወቅሁ።

ከአጎቴ ተረቶች ብዙው ጠፍቶብኛል፤ የዚያ አውሬ ስም እንኳ ትዝ አይለኝም። አምና እናቴ አረፈች። ከቀብር ተመልሰን አጎቴ እጁን ዘርግቶ ዱዓ ሲያደርግላት፣ ልጆቿን በስም እየጠራ ጀማል ላይ ሲደርስ ቆመ። ከሞቱት ይቁጠረው ወይስ በሕይወት ካሉት? ሰው ሁሉ እኔን አየኝ። አሁን ትልቅ ሰው ነኝ፤ ባሕር የወሰደው እንደማይመለስ አውቃለሁ፤ ወላሂ አውቃለሁ።

«አላህ በሰላም ይመልሰው በል» አልኩት።