ምሰሶው ላይ የተሰቀለ ስም

የጋለ ቻርጀር ሲሸተኝ ቡታጅራ ያለው ቤታችን ይመጣብኛል። ዛሬ ወልቂጤ በማስተምርበት የኮምፒውተር ክፍል ተማሪዎቼ ላፕቶፓቸውን ሲሰኩ ያ የፕላስቲክ ሽታ ይነሳና ሰሌዳው ላይ የጀመርኩትን መስመር ሳልጨርስ እተወዋለሁ። ምን ነካት ይሉኛል መሰለኝ።

ታላቅ ወንድሜ ኩላሊቱን ታሞ ከዩኒቨርሲቲ የተመለሰ ሰሞን ነበር። ላፕቶፑ ባትሪው የሞተ፣ ካልተሰካ የማይነሳ አሮጌ ነው። ከጓሮው እንሰት ላይ የሚመጣው አረንጓዴ ብርሃን ፍራሹ ላይ እያረፈ ድረ ገጽ መሥራት ያስተምረኝ ነበር። ያበጠ እግሩ እንዳይታይ ጋቢ ጣል ያደርግበታል። እኔ ግን አይቼዋለሁ።

«ቫሪያብል ዕቃ መያዣ በይው» ይለኝ ነበር። «ፈንክሽን በሚባለው የትእዛዝ ጥቅል ውስጥ ከሆነ ኪስሽ ውስጥ እንዳለ ነው፣ ሌላው አያየውም። ከፈንክሽን ውጭ ከሆነ ግን አያታችን ቤት ምሰሶ ላይ እንደተሰቀለ ዕቃ ነው። የገባ ሁሉ ያየዋል፣ የፈለገ ይቀይረዋል።»

ለመለማመጃ ሰላምታ የሚሰጥ ገጽ ሠራን። ገጹ ስም ይጠይቅና የተጻፈለትን «ኔም»፣ በእንግሊዝኛ ስም፣ በሚባል፣ ከፈንክሽን ውጭ በተቀመጠ ቫሪያብል ይይዛል። ወንድሜ እናታችን ብቻ የምትጠራበትን የቤት ስሙን ጻፈበት። ገጹን ሪፍሬሽ ስናደርገው፣ እንደ አዲስ ስንጭነው፣ ሌላው ሁሉ ከዜሮ ጀመረ፤ ስሙ ግን አልጠፋም። ግራ ገባኝ። እሱ ሳቀ፣ ሳቁም በሳል አለቀ።

«ኔም ለካ ቀድሞውኑ ገጹን የሚከፍትልን የብሮውዘሩ መስኮት የራሱ ነው። የኔ መስሎኝ የሰው ምሰሶ ላይ ሰቅዬዋለሁ። መስኮቱ እስኪዘጋ አይጠፋም።»

እንዳለ ተውነው። ብዙም ሳይቆይ ለሕክምና አዲስ አበባ ወሰዱት፤ የተመለሰው አስከሬኑ ነው።

ለቀስተኛው ሲበተን ላፕቶፑን እንደተሰካ አገኘሁት። ገጹ አሁንም «ሰላም» ይላል ከነስሙ። ፊደል ላልቆጠረችው እናቴ አነበብኩላት።

«ማነው የጻፈው?»

«ራሱ።»

ከዚያ ወዲያ ማንም እንዲነካው አልፈቀደችም። ጠዋት ከሶላት ስትነሳ አጠገቡ ትቀመጥና «አላህ ይዘንልህ፣ ልጄ» ትለዋለች። መብራቱም የዚያን ሰሞን እንደ ተአምር ሳይጠፋ ሰነበተ።

አንድ ቀን እናቴ ገበያ ሄዳ ሳለች መብራት ጠፋና የላፕቶፑ ማራገቢያ ድምፅ ቀጥ አለ። መብራት ሲመለስ ገጹን ከፈትኩት። «ስምህ ማነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ቀብሩ ላይ ያልወጣልኝ ለቅሶ ያኔ ወጣልኝ። ከዚያ ፊቴን ጠርጌ ያንን ስም በገዛ እጄ ጻፍኩት። ፊደሎቹ ያው ናቸው፣ አንዱም አልተለወጠም።

እናቴ ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ «መብራት ጠፍቶ ነበር አሉ። ስሙ አለ?» አለችኝ።

«አለ።»

«እሱ የጻፈው?»

«አዎ፣ እሱ የጻፈው።»

ዘንቢሏን አውርዳ አጠገቡ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር፣ እናቴ ሳትደርስ ስሙን መልሼ እጽፈው ነበር።