አይናዲስና የታረቁት ሽማግሌ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አይናዲስን የማያውቅ የባጃጅ ሹፌር የለም። ስልኩ ወድቆ የተሰነጠቀበት ሁሉ እሷ ሱቅ ይመጣል። እጇ ፈጣን ነው፤ ምላሷም እንደዚያው። «የገዛኸው ስልክ ነው ወይስ ኳስ?» ሳትለው የሠራችለት ሰው የለም። ደንበኛ ጋብ ሲል ማዳመጫዋን ሰክታ ኦንላይን ጌም ውስጥ ትገባለች። «ይህቺን የምታህል ሴት!» ይላል ያያት ሁሉ። ይበላ! የሰው ወሬ ሲያመላልሱ ከመዋል ይሻላል።

ጌሙ የአስማተኞችና የጦረኞች ዓለም ነው። አይናዲስ እዚያ ፈዋሽ ናት፤ ጓደኞቿ በውጊያ ሲቆስሉ እጇን ዘርግታ ታድናለች። ቡድኑን ያሰባሰበችው ራሷ ስትሆን መሪነቱን ግን ለዩኒቨርሲቲው ተማሪ ለአምደሚካኤል ለቀቀችለት። ልጁ ቀልጣፋ ነው፤ «እታለም» ሲላት ደስ ይላታል። ከሱቋ ሌላ የምትስቅበት ቦታ ቢኖር ይኸው ቡድን ብቻ ነው።

ሌሎቹ የጌሙ ታሪክ ሲተረክ «እለፍ» የሚለውን ይጫናሉ። እሷ ግን እንግሊዝኛው ቢከብዳትም እየጠየቀች ታነባለች። በአዲሱ ምዕራፍ የተራራው ሕዝብ አለቃ የሆኑት ሽማግሌ የልጆቻቸውን ደም ይቅር ብለው፣ ጦራቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው ከተጫዋቾቹ ወገን ጋር ሲታረቁ፣ አይናዲስ ሱቋ ውስጥ ተቀምጣ አለቀሰች።

ምክንያት ነበራት። ይታያል የሚባለው ታላቅ ወንድሟ ሉማሜ አጠገብ በእርሻ ወሰን ጠብ ተገድሏል። የገዳዩ አባት ከካህናትና ከሽማግሌዎች ጋር መጥተው፣ ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው ደጃፍ ላይ ሲወድቁ፣ አባቷ አቶ አካለ ወልድ ብዙ ቆመው ቆመው ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱላቸው። ከዚያ ወዲህ አይናዲስ የገዳዩን እናት ገበያ ላይ ስታገኛቸው ትስማቸዋለች። አንጀቷ እያረረ ትስማቸዋለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ የታረቀ ግን ባይረሳም እጁን ይሰበስባል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡድኑ ጌሙ ላይ ተሰበሰበ።

«ዛሬ የተራራውን ሽማግሌ ነው የምንገድለው» አለ አምደሚካኤል። «ሲሞት ከሁሉም የሚበልጠውን ጋሻ ይጥላል።»

«ታርቀናቸው!»

«እታለም፣ እርቁ ታሪኩ ላይ ነው። ጨዋታው ላይ ይገደላል፤ ነገ ደግሞ ይነሳል።»

«ነገ ይነሳሉ ብዬ ነው እንዴ የታረቅሁት? እኔ አልገድልም።»

«አንቺ አትምቺው። እኛን ብቻ ፈውሺ።»

«ጥይት እያቀበልኩ አልተኮስኩም ልበል?»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለ ከቡድኑ አንዱ። ሁሉም ሳቁ።

አምደሚካኤል አልሳቀም። «እታለም፣ እምቢ ካልሽ ሌላ ፈዋሽ እንፈልጋለን። አንቺን እናስወጣሻለን» አላት። ድምፁ ቢያፍርም የምሩን ነበር። አይናዲስ እነዚህን ልጆች ስንት ጊዜ ከሞት አንስታለች!

«ሞኟ እኔ ልሁን» አለች።

ውጊያው ተጀመረ። ሽማግሌው ለሚመታቸው ጠላት ይሆናሉ፤ ላልመታቸው ግን እንደታረቁ ናቸው። አይናዲስ ይህን የምታውቀው ታሪኩን ስላነበበች ነው። እጇን ዘረጋች። ልጆቹ ለእነሱ መስሏቸው ነበር፤ ፈውሱ ግን ሄዶ ሽማግሌው ላይ አረፈ። በመቷቸው ቁጥር ቁስላቸውን ዘጋችው። የቡድኑ ልጆች አንድ በአንድ ወደቁ።

«የማን ወገን ነሽ አንቺ?» ብሎ ጮኸ አምደሚካኤል።

«የታረቅሁት ሰው ወገን!»

ወዲያው ከቡድኑ መባረሯን የሚናገር ጽሑፍ መጣ። የልጆቹ ድምፅ ከጆሮዋ ጠፋ። እውነት ለመናገር አለቀሰች፤ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ጌሙን መልሳ ስታይ፣ የማታውቀው ሌላ ቡድን ጋሻውን ፈልጎ ተራራውን እየወጣ ነው። ብዙ ናቸው። ፈዋሽ ብቻዋን አትዋጋም፤ በአንድ ምት ትወድቃለች። ሄዳ ከሽማግሌው ፊት ቆመች።

«ሱቁ ዝግ ነው እንዴ?» አለ የተሰነጠቀ ስልክ የያዘ ሹፌር ከደጅ።

«ክፍት ነው፤ ግን ትንሽ ቆይ» አለች ዓይኗን ሳትነቅል። «ሰው ሊገድሉብኝ ነው።»