ባዝራ አላቢዋ ሳይካል

በሱሳሚር ሸለቆ ባዝራ በማለብ ሳይካልን የሚያህል አልነበረም። ተራጋጭ የተባለችው እንኳ በእሷ እጅ ጸጥ ብላ ትቆማለች። ኩላሊቶቿ ሥራ ሲያቆሙ ታናሽ እህቷ ጂፓርኩል አንዱን ኩላሊቷን ሰጠቻት። ሽማግሌው ሐኪም ከሆስፒታል ሲያሰናብታት፣ "ሰውነትሽ የእህትሽን ኩላሊት እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳይጥለው የምትውጪው መድኃኒት፣ በሽታ የመከላከል አቅምሽንም ያዳክመዋል። ከፈረስ በረት አቧራ ራቂ" አላት።

ራቀች። ኩሚስ ለሚባለው የኮመጠጠ መጠጥ የሚሆነውን የባዝራ ወተት ባሏ ሜዴርቤክ ሲያልብ፣ እሷ ከሩቅ ተቀምጣ "ቀስ አድርገህ ያዘው እንጂ፤ ገመድ ነው የምትጎትተው?" እያለች ትሳለቅበታለች።

ዝናብ በጠፋበት አንድ ጸደይ ግን፣ ሜዴርቤክ ገበያ እንደወረደ አንዷ ባዝራ ወለደች። ውርንጭላው ጡት መያዝ አቃተው። ሳይካል ትንሽ ታገሠች፤ አላስቻላትም። አፏን በሻሽ ሸፍና ገባች። በረቱ ውስጥ የደረቀ ፋንድያ ብናኝ ይቦን ነበር። ውርንጭላውን ደግፋ ከእናቱ ጡት አገናኘችው።

ብዙም ሳይቆይ ሳል ጀመራት፤ ትኩሳት ተከተለ። የወረዳው ክሊኒክ ሳንባ ነቀርሳ ነው ብሎ የዚያኑ መድኃኒት ሲሰጣት ከረመ። በጋው ሲያልቅ ደም ትተፋ ጀመር፤ ልብሷ ሁሉ ሰፋት። ዋና ከተማው ቢሽኬክ ሲወስዷት ሳንባዋ መግል ቋጥሮ ተገኘ።

"ሳንባ ነቀርሳ አይደለም። ይሄ ጀርም የሚኖረው ፈረስ የሚውልበት አፈር ውስጥ ነው" አለች የቢሽኬኳ ሐኪም። "ጤነኛ ሰው ቢተነፍሰው አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይለው። አንቺን ግን አቅም አጥተሽ አገኘሽ። እሱን ለማጥፋት የኩላሊቱን መድኃኒት መቀነስ አለብን። ያን ጊዜ ኩላሊቱ ላይተርፍ ይችላል።"

ሳይካል አልጋዋ አጠገብ የቆመችውን እህቷን ቀና ብላ ማየት አቃታት። "ያንቺ ሥጋ ነው። በእጄ አልገድለውም።"

"እትዬ፣ የሰጠሁሽ እንድትኖሪበት ነው ወይስ እንድትቀበሪበት?" አለች ጂፓርኩል። "ይቀንሱት።"

ሜዴርቤክ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ቀነሱት። ሳሉ ቀስ በቀስ ለቀቃት፤ ኩላሊቱ ግን ሞተ። በኩላሊት ፈንታ ደም የሚያጥበው መሣሪያ ያለው ከተማ ስለሆነ እዚያው ጠባብ ክፍል ተከራዩ። ሜዴርቤክ ባዝራዎቹን ሸጠ። እሷም ለማን እንደሸጣቸው አልጠየቀችውም።

በቀጣዩ የበረዶ ወራት ጀርሙ አገርሽቶ ወደ አንጎሏ ዘለቀ። በስሟ ሲጠሯት የማትሰማበት ቀን መጣ፤ ከዚያም አረፈች። አስከሬኗን ወደ ሱሳሚር ሲመልሱ በረዶ ተንዶ መንገዱን ስለዘጋው፣ መኪናው ግማሽ ቀን ቆመ። ወንዶቹ አካፋ ይዘው ወረዱ። ጂፓርኩል ከእህቷ ጎን አልተነሣችም።