በዛዳን እጅ ላይ የተነቀሰችው መንደር

ዛዳንን መልሼ ወደ ባስራ የጠራሁት እኔ ነኝ። ይህን ሳልናገር ሌላውን ባወራ ውሸታም ነኝ።

ዛዳን ምንጣፍ ሠሪ ነበር። በትልቁ መስጊድ ከምንሰግድበት የሸምበቆ ምንጣፍ ግማሹ የእጁ ሥራ ነው። የተወለደው ረግረጉ ዳር፣ ናህራባን በምትባል መንደር ነው። ሁረይስ ቢን ዋቂድ ያኔ ገና የግድብ ሹም ነበር። ሽፍቶች ናህራባን ተደብቀዋል ሲሉት ግድቡን አስቆረጠው። ሽፍቶቹ በጀልባ አመለጡ፤ መንደሪቱን ውሃ በላት። ለዚህ ጀግንነቱ ኸሊፋው ካባ ላከለት፤ በዓመቱ ደግሞ ባስራን ከነአውራጃዋ ሰጠው። ሰው አስምጦ መሾም እንዲህ ነው!

ዛዳን ተርፎ ባስራ ገባና ሰለመ። ከውጭ መጥቶ የሰለመ ሰው ከአንድ ጎሣ ይጠጋል፤ እሱ እኔን ተጠጋ። ኡመይማ የምትባል ምላሰኛ የከተማ ልጅ አገባ። አሥራ አንድ ዓመት ግድግዳ ተጋርተን ኖርን።

አንድ ጁምዓ ሁረይስ በመስጊዱ መስበኪያ፣ ሚንበሩ ላይ ቆሞ፣ "ገበሬው ከተማ ገብቶ መሬቱ ጦም አደረ! ከገጠር የመጣ ሁሉ ወደ መንደሩ ይመለስ!" አለ። ተመልሶ እንዳይገባ የመንደሩ ስም እጁ ላይ ይነቀሳል። ዛዳን ይህን የሰማው ራሱ በሠራው ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ነው።

ሊነቀስ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። ጸሐፊው መርፌውን ጥላሸት ውስጥ ነክሮ ቀና አለ።

"መንደርህ?"

"ናህራባን። ግን ጌታዬ፣ ውሃ ውስጥ ናት።"

"ውሃውን ማን ለቀቀው?"

"አሚሩ ሁረይስ።"

"እንግዲያው የአሚሩን ውሃ እየጠጣህ ኑራ!" ወታደሮቹ ተንከተከቱ።

"ሰውዬው የእኔ ጥገኛ ነው፤ ዋሱ እኔ ነኝ" አልኩ።

"አንተ ሽማግሌ፣ መርፌው ላንተም ይተርፋል።"

ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ኡመይማ እስከ ጀልባው ሸኘችው። "እዚያ ምን ትሠራለህ? ዓሣ ልትድር ነው?" አለችው፤ ከዚያ ግን አለቀሰች። "እጠብቅሃለሁ።" አራት ዓመት ጠበቀችው። እሱ መንደሩ በነበረችበት ቦታ ሸምበቆ ከምሮ፣ በክምሩ ላይ ጎጆ ሠርቶ ኖረ። ዳቦና ቴምር በዓሣ አጥማጅ ትልክለት ነበር።

ከዚያ ሁረይስ ተሻረ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ ሁረይስን የሚቆጨው ነገር አልነበረም። የተሻረ ገዥ በደንባችን ሻካራ የሱፍ ልብስ ለብሶ መስጊዱ ደጃፍ ይቆማል፤ የተበደለ ሁሉ መጥቶ ይከሰዋል። ደስታ አሰከረኝ። "ቀንህ ደርሷል፣ ና!" ብዬ በአጥማጁ ላክሁበት።

"ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ብሎ መለሰልኝ።

እንደገና ላክሁ። "አሁን ሱፍ የለበሰ ተራ ሰው ነው። ኡመይማም እራት ሠርታ ትጠብቅሃለች።"

መጣ። አጥንቱ ይቆጠራል። ቤቱ እንኳ ሳይገባ በቀጥታ ወደ መስጊዱ ወሰድኩት። ዛዳን ሁረይስ ፊት ቆሞ የተነቀሰ እጁን አነሣና በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለሥልጣንን "አንተ" አለ።

"ይችን መንደር ያሰጠምካት አንተ! ተመለስባት ያልከኝም አንተ! እስቲ የት እንዳለች አሳየኝ!"

ሕዝቡ አጉረመረመ። እኔ ከደስታ ብዛት እንባዬ መጣ።

የአዲሱ ገዥ ዘበኞች አለቃ ቀረብ ብሎ የዛዳንን እጅ ያዘ። ሊያጽናናው መስሎኝ ነበር። እጁን ወደ ብርሃን አዞረና አነበበ።

"ናህራባን። ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"ልከስ መጥቼ ነው።"

"ሰውዬው ተሻረ እንጂ አዋጁ አልተሻረም።"

ሁረይስ በሱፉ ውስጥ ሆኖ ሳቀ። ያን ሳቅ ብረሳው እጄ ይቆረጥ! ዛዳንን እዚያው አስረው ወደ ጀልባ ወሰዱት። ኡመይማ ጭልፋ እንደያዘች ሮጣ ስትደርስ ጀልባው ከቦዩ ወጥቷል።

ሁረይስ በዓመቱ ከባስራ የሚሰፋ ግዛት ተሾመ። ዛዳን በዚያው ክረምት በሸምበቆ ክምሩ ላይ ሞቶ ተገኘ፤ ወሬውን ያመጣው አጥማጁ ነው። ለኡመይማ የነገርኳት እኔ ነኝ። በሩ ላይ ቆማ ሰማችኝ፤ አላለቀሰችም።

"መርፌው ፊት ዝም አልክ" አለችኝ። "አሁን ማን ጥራው አለህ?"