የቀለጡብኝ ስምንት ሽልንጎች

ባሌ እስከ ዛሬ ድረስ ወሬውን ሲያወራ የሚጀምረው «ለአንድ ሳንቲም ብላ ተቆጥታብን» እያለ ነው። አንድ አልነበረም። ስምንት ነበሩ፤ ያውም ሳንቲም ሳይሆን ሽልንግ።

መሰብሰብ የጀመርኩት እዚህ አሜሪካ፣ ሊትልተን በምትባል ከተማ ውስጥ አንዲት እንግሊዛዊት አሮጊት እየተንከባከብኩ ሳለ ነው። በወጣትነቷ ሎውሪ የጦር ሰፈር ያገለግል የነበረ አሜሪካዊ የአየር ኃይል ወታደር አግብታ የመጣች ሴት ናት። ገላዋን አጥቤ ቁርሷን ካበላኋት በኋላ የብስኩት ቆርቆሮ ታስከፍተኝና የአገሯን የድሮ ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ ታስደረድረኛለች። ጣቴ ፊቱ ላይ ካረፈ እጄን መታ ታደርገዋለች፤ የሚያዘው በጠርዙ ነው። አንድ ቀን፣ እናቷ ስትሸኛት ኮቷ ጠርዝ ውስጥ የሰፋችላትን ሽልንግ መዳፌ ላይ አስቀምጣ ጣቶቼን አጠፈቻቸው። ከወር በኋላ ሞተች።

ከብር ማዕድን የተሠራው ሽልንግ ላይ ያለችው የእንግሊዝ ንግሥት አሮጊት ናት። ባሏ ከሞተባት ቆይቷል፣ ከዘውዷ ሥር የወረደው ሻሽ ትከሻዋን ሸፍኗል፣ አገጯ ተደራርቧል። ወጣት ሳለች የተቀረጸችባቸውም አሉ፤ እኔ ግን የወደድኩት ይህንን ነው። ይህ መልኳ በፈረንጅ ከ1893 እስከ 1901 በየዓመቱ ወጥቷል። ዘጠኝ ዓመት፣ ዘጠኝ ሽልንግ። ዘጠኙንም ላሟላ ቆርጬ ተነሳሁ።

ስድስት ዓመት ፈጀብኝ። ሥራ የማልገባባቸውን ቅዳሜዎች አሮጌ ሳንቲም የሚሸጥበት ሱቅና የአሮጌ ዕቃ ገበያ ውስጥ ጨረስኳቸው። ባለሱቁ መጀመሪያ ላይ ከፊቴ ይልቅ ቦርሳዬን ነበር የሚያየው። ኋላ ላይ ግን አጉሊ መነጽሩን ራሱ ያቀብለኝ ጀመር። ቤት ስመለስ ባሌ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ ይጠብቀኛል። አጠገቡ እቀመጥና የገዛሁትን አሳየዋለሁ፤ የትኛው ዓመት እንደሆነ፣ የትኛው እንደሚቀረኝ እነግረዋለሁ። «ጎበዝ» ይለኛል።

አሮጊቷ የሰጠችኝን ጨምሮ ስምንት ሞልተውልኝ የ1894ቱ ብቻ ቀርቶ ነበር። አንድ ቅዳሜ ባለሱቁ ደውሎ መጥቷል አለኝ። ገዝቼው ቻምበርስ ሮድ ያለው አፓርታማችን እስክደርስ ድረስ መኪና ውስጥ ብቻዬን እስቅ ነበር። እጄን ታጥቤ አልበሙን ከመሳቢያ አወጣሁ። ገጹ ባዶ ነው። ስምንቱም የፕላስቲክ ኪሶች ባዶ።

ሌባ ገብቷል ብዬ ጮህኩ። ባሌ ቀና ሳይል «ተረጋጊ» አለኝ። የባሌ አጎት፣ ባሌን ያሳደጉትና በዚያ ዓመት ከአዲስ አበባ መጥተው እኛ ጋ የሚኖሩት፣ አባባ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ከሶፋው ላይ ሳቁ።

«ሌባው እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉኝ። «በድንገት ላስደስትሽ ብዬ ነበር። አንገትሽ ባዶ ነው። እኛ ቤት አሮጌ ብር ሲገኝ ለሴት ልጅ የአንገት መስቀል ይሠራበታል፤ እናቴም የእህቶቼን ያሠራችው በጠገራ ብር ነው። አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ሰጥቼዋለሁ፣ አንጥረኛውንም አውቀዋለሁ።»

በዚያው ሰዓት አንጥረኛው ዘንድ ስልክ አስደወልኩ። ቀልጧል።

ምን ልበላቸው? አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ደሜ ፈላ፣ ግን ዋጥኩት። ባሌ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ «አባባ እኮ አያውቁም፣ ኦቨር ሪአክት አታድርጊ» አለኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እሳቸው ሲያናግሩኝ በአንድ ቃል እየመለስኩ ፊቴን አዞርኩባቸው። ሻይ ሳቀርብላቸው እንኳ ፊታቸውን አላየሁም።

መስቀሉ እሑድ መጣ። ከቅዳሴ መልስ ሰው ጠርተን ነበር። አባባ ቆመው ሳጥኑን ከፈቱ፤ ካህን ባርኮታል፣ ጸበል ተረጭቷል አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። በጣም ያበገነኝ ይሄ ነው። ሌላ ነገር ቢሆን፣ አምባር ቢሆን፣ ቀለበት ቢሆን እወረውረው ነበር። መስቀል ግን አይወረወርም፣ አይጠላም። እንዳልናደድበት አድርገው ነው የሠሩብኝ። ሳምኩት፤ አንገቴ ላይ አሰርኩት፤ ጉልበታቸውን ስሜ አመሰገንኩ።

ሰው ሲወጣ አላስቻለኝም።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። «ስድስት ዓመት የሰበሰብኩት ነበር። ምነው አንዴ ቢጠይቁኝ?»

ሽማግሌው ፊታቸው ተለዋወጠ። ወደ ባሌ ዞሩ፣ ከዚያ ወደ እኔ።

«ጠይቄ ነው እንጂ፣ ልጄ። ሳልጠይቅ የሰው መሳቢያ እከፍታለሁ? ድንገት እንዲሆንብሽ ብዬ እሱን ጠየቅኩት። የምትወደው ነገር እንዳይሆን፣ ትናደድ ይሆን አልኩት። እሱ ነው አውጥቶ የሰጠኝ።»

«ምን አለዎት?»

አባባ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ዓይናቸው ወለሉ ላይ ነበር።

«‹ብትናደድስ ምን ታመጣለች?› አለኝ።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ የተቆጣሁት አንገቴ ባዶ ሆኖ ባሳዘናቸው ሰው ላይ ነበር። ባሌ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ትከሻዬን እየዳበሰ፣ ያንን ንዴት አባባ እንዲሸከሙለት ተወው። ከሽልንጎቹም በላይ ይህ አቃጠለኝ።

አባባ ወደ ክፍላቸው ገቡ። ባሌ የመኪና ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክራል።

«በቃ እተካልሻለሁ» አለ። «ስምንት አይደሉ? ነገ ከሥራ ስወጣ ስቶፕ አድርጌ አመጣልሻለሁ።»

«ከየት ነው የምታመጣው?»

ይህን እንኳ አለማወቄ እየገረመው አየኝ።

«ከባንክ ነዋ» አለኝ።